አባቷ የነገራት ጣዕም

«ስድስት እንቁላል! ምነው፣ ሠርግ አለ እንዴ?»

የአክስቷ ድምፅ ከበሩ ሲመጣ ጭልፋ የሚሏት ልጅ አራተኛውን እንቁላል በመጥበሻው ጠርዝ መታ አድርጋ ሰበረችው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ቲማቲሙ ከነሽንኩርቱ እየተንተከተከ ነው፤ በማንኪያ ጀርባ ጉድጓድ ጉድጓድ እያደረገች እንቁላሉን ታስቀምጥበታለች። የከሙኑ ሽታ ቤቱን የሌላ ሰው ቤት አስመስሎታል።

«አንቺን እኮ ነው! ሐኪሙ ለአባትሽ ቀለል ያለ ምግብ ነው ያዘዘው።»

«ነርሷን ጠይቄያታለሁ እቴቴ። ጨውና ቅባት ቀንሺ እንጂ ጣዕም ቀንሺ አላለችኝም። ይኸው ይቅመሱት፤ ሎሚ ነው ያደረግኩበት።»

«ምላስሽ ላይ ግን ምንም አልቀነስሽም!» ብለው እቴቴ ነጠላ ጫማቸውን እያንኳኩ ሄዱ።

ጭልፋ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ገና ዳዴ ስትል ጭልፋ ካልያዘች አልተኛ ብላ ስላስቸገረች አባቷ ያወጣላት ነው፤ ይኸው ዘጠነኛ ክፍል ገብታም አልለቀቃትም።

አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ነበር ማለት ይሻላል። ዝናብ በጣለ ቀን መኪናው ከነተሳቢው ተገልብጦ ወገቡን ከጎዳው ወዲህ ሳሎን ካለው ሶፋ ላይ አልተነሳም። ሐኪሙ በከዘራ መራመድ ጀምር ብሎታል፤ እሱ ግን ከዘራውን ጥግ አስይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። እናቷ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ስለሆነች ጠዋት ወጥታ ሲመሽ ነው የምትገባው። ስለዚህ የአባቷ ታላቅ እህት፣ እቴቴ፣ ሊያስታምሙት መጡ። መጡና ወጥ ቤቱን ወረሱት። ጠዋት የካሮት ሾርባ፣ ቀን የድንች ሾርባ፣ ማታ የሁለቱ ቅልቅል። አባቷ ሁለት ማንኪያ ቀምሶ «ጠግቤያለሁ» ይላል። ሱሪው ከወገቡ እየሾለከ መጣ። እቴቴ ሰሃኑን እንደሞላ ሲመልሱ ፊታቸውን ከሰው ያዞራሉ፤ ጭልፋ ግን ዓይናቸው መቅላቱን ታያለች። ቢሆንም በማግስቱ ያው ሾርባ ነው።

አንድ ቀን እልህ ያዛት። አባቷ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ያወራላት የነበረው ሁሉ ትዝ አላት። እሱ ዕቃ የሚጭንበት ወደብ የዓለም ሰው የሚገናኝበት ነው፤ የሕንዱ ምግብ ቤት ከቱርኩ፣ የቱርኩ ከቱኒዚያው ጋር ግድግዳ ይጋራሉ። ሕንዱ ምስሩን በዝንጅብልና በእርድ እንዴት እንደሚያጣፍጠው፣ ቱርኩ የፈረንጅ ቃሪያ ፈልፍሎ ሩዝ እንደሚሞላበት፣ አባቷ እጁን እያወናጨፈ ሲተርክላት ምራቋን ትውጥ ነበር። ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ዩኒፎርሟን እንኳ ሳትቀይር ወጥ ቤት ገብታ የሕንዱን ምስር ሠራች።

አባቷ ሽታው ሲደርሰው ከግድግዳው ዞረ። ግማሽ ሰሃን በላ። ከዚያም ከንፈሩን በምላሱ ጠረግ አደረገ።

«ዝንጅብሉ ያንሳል። ሕንዱ በዝንጅብል አይሰስትም።»

ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳት! እቴቴ ቅመሙን ቁም ሳጥን አናት ላይ ቢሰቅሉትም፣ ለእናቷ ቢከሷትም፣ ጭልፋ ወይ ፍንክች። እናቷም የደከመ እግሯን እያሸች «ይብላልኝ እንጂ የጨረቃም ምግብ ይሁን» ብላ ተገላገለች። አባቷ በእያንዳንዱ ሰሃን ላይ እንከን ያወጣል፤ እንከን ለማውጣት ደግሞ መብላት አለበት። የዛሬውንም እንቁላል ሙልጭ አድርጎ ከበላ በኋላ «ቱኒዚያው አስኳሉን እንዲህ አያደርቀውም» አላት።

ቅዳሜ የቱርኩ ተራ ነበር። ቃሪያዎቹ ድስቱ ውስጥ ቆመው ሲበስሉ በሩ ተንኳኳ። የመጣው የአባቷ የሥራ ጓደኛ ነው፤ ሲያወራ ሰፈር ስለሚሰማው ሹፌሮቹ ሁሉ ጥሩንባ ነው የሚሉት። ገና ከመግባቱ ሳቁ ቤቱን ሞላው። አባቷም ትራስ ተደግፎ ቀና አለ።

ጭልፋ ቃሪያውን አቀረበች። አባቷ በማንኪያ ከፈል አድርጎ አየውና «ሩዙ በዝቷል» አለ። «ቱርኩ ይህን ያህል አይጠቀጥቀውም።»

«ይኸው ስማው!» አሉ እቴቴ ለእንግዳው። «ወደብ ለወደብ ሲበላ ኖሮ የእኔን ሾርባ አልቀምስ አለ።»

ጥሩንባ የጎረሰውን ሳይውጥ ሳቀ። «ማን? ይሄ? ወይ ጉድ! እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ አንድ ቀን ምግብ ቤት ገብቶ አያውቅም! እኛ ስንገባ እሱ ጋቢናው ውስጥ ሆኖ ከቤት የያዘውን ደረቅ ዳቦ በሻይ ይነክር ነበር። መኪናውን ልጠብቅ እያለ! ስንወጣ ደግሞ እንደ መርማሪ ነው የሚይዘን፤ ምን በላችሁ? ውስጡ ምን አለው? ያቃጥላል? አይ አንተ!»

እሱ ብቻ ሳቀ። ከዚያ እሱም ነገሩ ገባውና ማንኪያውን አስቀመጠ።

አባቷ ኩም ብሏል። ጭልፋ አየችው፤ እሱ አላያትም። ቆሽቷ አረረ። ዝንጅብሉ ያንሳል! አስኳሉ ደረቀ! በምን አፉ? ወጥ ቤት ገብታ ድስቱን ማጠቢያው ላይ አላጋችው።

ጥሩንባ ይቅርታውን እየደጋገመ ሲወጣ ሰማች። የእቴቴም ድምፅ ተከተለ፤ «እኔ ብዬ ነበር! ልጅቷም እሳት የምትነካካው በባዶ ወሬ ኖሯል! በቃ፣ ከነገ ጀምሮ ወጥ ቤቱን የምይዘው እኔ ነኝ።»

ይያዙት፣ አለች ጭልፋ በሆዷ። ሾርባውንም ይጋቱት። የቧንቧውን ውኃ ለቃ እጇን ብታጥብም ንዴቷ አልወጣላትም።

ከኋላዋ አንድ ነገር ወለሉን ኳ አደረገው። ዞር ስትል አባቷ በሩን ይዞ ቆሟል። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ፣ በሌላው እጁ ከዘራውን አጥብቆ ጨብጧል።

«ብቻህን ነው የመጣኸው?» አለች ሳታስበው። ከዚያ መናደዷ ትዝ አላት። «ለምን ዋሸኸኝ?»

«ትንሽ ነበርሽ። በሩን ሳልዘጋ ነበር ምን በላህ የምትይኝ። ደረቅ ዳቦ ልበልሽ?»

«አዎ! ደረቅ ዳቦ በለኝ! ምን ችግር አለው? እኔ አፍርብሃለሁ ያለህ ማን ነው? ለክፍሌ ልጆች ሁሉ አባቴ የዓለምን ምግብ ያውቃል እያልኩ ሳወራ ነው የኖርኩት!»

አባቷ አንገቱን ደፋ።

«እሺ፣ ሩዙ በዝቷል ያልከኝስ? ከየት አምጥተህ ነው?»

ትንሽ አሰበ። «እሱስ እውነቴን ነው። በጣም በዝቷል።»

ጭልፋ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። እንዲህ በቀላሉ ልትታረቀው አልፈለገችም። ግን ብዙ መቆም እንደማይችል ታውቃለች። በርጩማዋን በእግሯ ገፋ አደረገችለት። ከዘራውን ተደግፎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። የወጥ ቤቱን መደርደሪያ፣ ምድጃውን፣ በእንፋሎት የላበውን መስኮት አዲስ አገር እንደገባ ሰው ያያል።

«ሰማሽኝ ወይ አንቺ ልጅ?» አሉ እቴቴ ከሳሎን። «ነገ ሾርባ ነው!»

ጭልፋ አባቷን አየችው። ከዚያ አንገቷን በበሩ አወጣች።

«ነገ ብራዚል ነው እቴቴ! ለእርስዎም ይተርፋል!»

ከሳሎን የመጣውን መልስ ሳትሰማ በሩን ዘጋችው።

«ብራዚልን ማን ነገረሽ?» አለ አባቷ።

«ማንም። አንተስ ታውቀዋለህ?»

አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። «አላውቀውም» አለ በመጨረሻ።

«እኔም አላውቀውም። ጥቁር ቦሎቄ እንደሚወዱ ብቻ ነው ያነበብኩት።»

ከመደርደሪያው ጥቁሩን ቦሎቄ አወረደችና ትሪ ላይ ዘረገፈችው። ትሪውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት፤ እሷም ሌላ በርጩማ ስባ ጎኑ ቁጭ አለች። አባቷ መጀመሪያ ያገኘውን ጠጠር በሁለት ጣቱ አንስቶ አሳያት። አልሳቀችለትም። እጇን ዘርግታ ተቀበለችው።