ወፍጮው መልእክት ሲልክ

«ፕሮግራሙን አጥፊውና እንደ አዲስ ጀምሪ» አላት አዶናይ፣ ስልኳን እየመለሰላት። «ፓይተን ለዚህ አይሆንም። አፕ ነው መሥራት ያለብሽ። ኤስኤምኤስ እኮ ፋራ ነው፣ ሄሚ!»

ሄመን ስልኳን ተቀበለች። ዓይኗ በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ በተደረደሩት ጆንያዎች ላይ ነበር። የገበያ ቀን ነው፤ የሱሉልታ መንገድ ከማለዳው በጋሪና በአህያ ተጨናንቋል።

አዶናይ የአክስቷ ልጅ ነው። አዲስ አበባ፣ አንድ ድርጅት ውስጥ ሶፍትዌር ይሠራል። በመጣ ቁጥር አዲስ ምክር ይዞ ይመጣል። አንድ ጊዜ «ጃቫ ካልቻልሽ ሥራ የለም» አላት፤ ጃቫ ጀመረች። ብዙም ሳይቆይ «ጃቫ የሽማግሌ ነው፣ ወደ ዌብ ግቢ» አላት፤ ገባች። ቀጥሎ ደግሞ «አሁን ኮድ የሚጽፈው ኤአይ ነው፤ አንቺ ማዘዙን ብቻ ልመጂ» አለ። ለመደች። ብዙ ጀምራለች፤ አንዱንም አልጨረሰችም። ይህን ግን ጨርሳዋለች። ኮምፒውተር ስለሌላት እያንዳንዱን መስመር የጻፈችው በስልኳ ላይ፣ በአውራ ጣቷ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። እህል ያመጣ ሰው ስሙንና ስልክ ቁጥሩን ያስመዘግባል፤ ጆንያውን ትቶ ወደ ገበያው ይሄዳል። ሄመን «ቀጣይ» የሚለውን ስትጫን ባለተራው መልእክት ይደርሰዋል። ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ዱቄት እየማጉ መዋል ሊቀር ነው።

«አፕ ብሠራ ማን ያወርደዋል?» አለች። «ግማሹ ሰው የያዘው ባለቁልፍ ስልክ ነው።»

«አለቃዬ ባለቁልፍ ስልክ ካየ ዘመን የለውም። ለክረምቱ ሥልጠና አንድ ተማሪ ብቻ ነው የሚወስደው። ስላንቺ ነግሬዋለሁ። ዛሬ ቪዲዮ እልክለታለሁ፤ ከተመቸው አለቀ! በይ፣ ያለሽን አሳዪ።» ስልኩን አውጥቶ መቅዳት ጀመረ።

የወፍጮው ባለቤት ኦቦ ጉታ ቅንድባቸው ድረስ በዱቄት ነጥተው ብቅ አሉ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ የፈቀድኩልሽ ለዛሬ ብቻ ነው። ሰው ካጣላሽብኝ ስልክሽን ከእህሉ ጋር ነው የምፈጨው።»

«እሺ ኦቦ ጉታ። አያጣላም።»

ሞተሩ ተነሣ። ሄመን «ቀጣይ»ን ተጫነች። ማንም አልመጣም። ድንገት ከገበያው በኩል አንድ ሰው እየሮጠ፣ እየጮኸ መጣ። ጋሪ ነጂው ጎበና ነው፤ በቀልዱ የማያውቀው የለም። በብብቱ የያዘው ዶሮ ከእሱ ብሶ ይጮኻል።

«ወፍጮው ጠራኝ!» አለ፣ ስልኩን ለሰው ሁሉ እያሳየ። «‹አቶ ጎበና፣ ተራዎ ደርሷል› ይላል! ሚስቴ እንኳ አቶ ብላኝ አታውቅም!»

ደጃፉ በሳቅ ተሞላ። ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ሲጠራጠሩ የነበሩት ተነሥተው ይመዘገቡ ጀመር። ሄመን ትጫናለች፤ ሰው ይመጣል። ትጫናለች፤ ሰው ይመጣል። አንዱ ጨው ተሸክሞ፣ አንዷ ጎመን ታቅፋ። በአውራ ጣቷ የጻፈችው ነገር ሰው ከገበያ ያስሮጣል!

ያን ጊዜ የሰፈሩ ሴት አዴ ድንቅቱ ጆንያ ይዘው ገቡ። ጥቁር ለብሰዋል። ወንድማቸው በዚያው ሳምንት ነበር የተቀበረው። ኦቦ ጉታ ምንም ሳይጠይቁ ጆንያቸውን ተቀብለው ወደ ወፍጮው አፍ ወሰዱት።

በዚሁ ቅጽበት ከጫንጮ እህል ያመጣው ሊቤ ከገበያው እያለከለከ ደረሰ። ስልኩን ወደ ላይ ይዞታል።

«ምንድን ነው ይሄ? የተጠራሁት እኔ ነኝ! የማን እህል ነው የምታስገቡት?»

«የለቅሶ ቤት እህል ከመቼ ወዲህ ነው ተራ የሚጠብቀው?» አለ ጎበና፣ ቀልዱን ትቶ።

«ስልኩ ና አለኝ፣ መጣሁ! መኪና ያመልጠኛል!»

አንዱ ከሊቤ ጋር ቆመ፤ ሌላው ከአዴ ድንቅቱ ጋር። ጩኸቱ ከሞተሩ በለጠ። አዶናይ ወደ ሄመን ጆሮ ጠጋ አለ። «ዝም ብለሽ ቀጣይን ተጫኚ። ሲስተሙ ልክ ነው። እየቀዳሁ ነው።»

ሄመን ስልኳን አየች። ፕሮግራሟ ለአዴ ድንቅቱ ያለው ቦታ አንድ ነው፤ መጨረሻው። ሊቤን አየችው። ክፉ ሰው አይደለም። ሌላ ቀን ቢሆን ጆንያው ላይ ተቀምጦ፣ ጥቁር የለበሱት ሴትዮ ሲገቡ አይቶ፣ ማንም ሳይነግረው «ይለፉ» ይል ነበር። ዛሬ ሲሮጥ ያየው ስልኩን ብቻ ነው። ከሰዎቹ መሐል ያስነሣችው እሷ ናት።

ኦቦ ጉታ ሞተሩን አጠፉት። ወደ ሄመን ዞሩ።

«እህስ? አያጣላም አላልሽም?»

አዶናይ በዓይኑ «ተጫኚ» ይላታል። ሄመን ስልኳን ኪሷ ከተተች።

«ስህተቱ የኔ ነው» አለች። «ስጽፈው የለቅሶ ቤት አላሰብኩም። ኦቦ ሊቤ፣ አዴ ድንቅቱ ይቅደሙ። ከእሳቸው ቀጥሎ እርስዎ ነዎት።»

ሊቤ ዞር ብሎ ያን ጊዜ ገና ጥቁሩን ልብስ አየ። ፊቱ ተለወጠ። «አላየሁም እኮ፣ እናቴ። ነፍስ ይማር» አለና ጆንያቸውን ራሱ አንሥቶ ገለበጠላቸው።

ሞተሩ እንደገና ተነሣ። ሄመን በርጩማ ላይ ወጥታ ጮኸች፤ «ሌላ ማን ነው ተራ የማይጠብቀው? ንገሩኝ!»

«አራስ!»

«ከሩቅ የመጣ!»

«ከሽምብራ በኋላ የኔን ጤፍ እንዳታስገቢ!»

«ዶሮ የያዘ!» አለ ጎበና።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። ከሩቅ ማለት ከየት እንደሆነ ሁለት ሴቶች ይከራከራሉ። ሄመን እየሳቀች ትጽፋለች፤ ጣቷ አልደርስ አላት። ኦቦ ጉታ «ስትስማሙ ጥሩኝ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ስልኳን ግን አልወሰዱባትም።

አዶናይ እጇን ይዞ ወደ አጥሩ ሳባት።

«ቪዲዮው አልተበላሸም» አለ፣ ዓይኑ እያበራ። «ከጭቅጭቁ ጀምሮ ያለውን ቆረጥኩት። እዪው፣ አሪፍ ነው!»

አየችው። እውነትም ያምራል። ትጫናለች፤ ጎበና ከነዶሮው ይሮጣል፤ ሰው ይስቃል፤ እዚያው ላይ ያልቃል። እንዲህ ከተላከ የክረምቱ ቦታ የእሷ ነው። ኮምፒውተር ያለበት ጠረጴዛ፣ በአሥሩም ጣት መጻፍ። ደረቷ ሞቀ።

«ሙሉው አለህ?»

«አለኝ። ለምን?»

«እሱን ላከው።»

«አብደሻል እንዴ? ሲስተሙ ሲወድቅ እኮ ነው የሚታየው!»

«ዛሬ የሆነው እሱ ነው።»

«ላይቀበሉሽ ይችላሉ፣ ሄሚ።»

«አውቃለሁ።»

አዶናይ ስልኩን ዘረጋላት። «እንግዲያው ራስሽ ላኪው። እኔ እጄን አላስገባም።»

ሄመን ሙሉውን ቪዲዮ መርጣ ለአለቃው ላከችው። ኔትወርኩ ደካማ ነው፤ የመላኪያው መስመር በስክሪኑ ላይ ይንፏቀቃል። እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ስልኩን መልሳለት ወደ ደጃፉ ሄደች፤ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፤ የራሷን ስልክ ከፈተችና «አራስ» ከሚለው በታች መጻፏን ቀጠለች።