ከመምህሩ ስም በላይ

«ጎበዝ! መሰላሉን ልትይዥልኝ መጣሽ?» አለ ቀለም ቀቢው ከላይ ሆኖ።

ልጅቷ የመጣችው ልታስቆመው ነበር። ግን «ጭምቷ» የሚል ቅጽል ስም እንዲያው በከንቱ አይወጣም፤ አፏ እንቢ ሲላት እጇ መሰላሉን ያዘ።

የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ነጭ ተቀብቷል። ከታች፣ ከወራት በፊት የሞቱት የእንግሊዝኛ መምህር ስም ተጽፏል። ከስማቸው በላይ ደግሞ የጭምቷ ጓደኛ የሆነችው ሴት ልጃቸው በክፍል ያነበበችው ሊሰፍር ነው፦ «ጊቭ አፕ» ማለት ተስፋ መቁረጥ እንደሆነና ከየት እንደመጣ። ድሮ ዕንቁ ፍለጋ ባሕር የሚጠልቁ ሰዎች ትንፋሽ ሲያጥራቸው እጃቸውን ወደ ላይ ይሰጣሉ፤ ጀልባ ላይ ያለው ይስባቸዋል። «አባቴ ነው የነገረኝ» ብላ ስትጨርስ አዲሷ መምህርት እንባቸውን ጠረጉ፤ ግድግዳው ላይ ይጻፍ ተባለ።

ጭምቷ ግን ቤተ መጻሕፍት ገብታ ያን ድንጋይ የሚያህል መዝገበ ቃላት ገልጣለች። ዕንቁም ጀልባም የለበትም። በጥንቱ ትርጉሙ አንድን ነገር ለሌላ ማስረከብ ነበር፤ ምሽግን ለጠላት እንደመልቀቅ። ተስፋ መቁረጥ የሚለው ኋላ የመጣ ነው።

«አንቺ ደግሞ መቼ ነው ቀለም ቀቢ የሆንሽው?» አለች የመምህሩ ልጅ ከኋላዋ ደርሳ።

«ጠላቂዎቹን ከየት አመጣሻቸው?»

የጓደኛዋ ፈገግታ ከፊቷ ወረደ። «ምን ሆነሻል? ማን ሊያጣራ ነው? አታካብጂ ባክሽ!»

«ቲቸር ቢሆን ያጣራ ነበር።»

እውነቷን ነው። መምህሩ የማያውቁትን ሲጠየቁ «ነገ» ብለው ሄደው፣ በማግስቱ ሰላምታውን ረስተው መልሱን ከበር ጀምሮ የሚናገሩ ሰው ነበሩ።

የመምህሩ ልጅ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው እጁን ወደ ላይ ይዘረጋ ነበር። የምይዘው እኔ ነበርኩ።»

ቀልድ የማያልቅበት ቀለም ቀቢ እንኳ ብሩሹን ጣሳው ውስጥ ከቶ ወደ ሌላ አየ።

ጭምቷ ጓደኛዋን ላለማጣት ዝም ማለት ብቻ ይበቃት ነበር፤ ዝምታ ደግሞ ሙያዋ ነው። መሰላሉን አጥብቃ ያዘች።

«ይሄ እውነት ነው» አለች በመጨረሻ። «ግን ያንቺ ነው። እሱ ያላለውን አለ አንበል። አንዱ ጩጬ ነገ መዝገበ ቃላቱን ይገልጥና ‹ሰውዬው ዝም ብሎ ይቀድ ነበር› ይላል። እኔ ያንን መስማት አልፈልግም።»

ጓደኛዋ ጫማዋን እያየች ቆመች።

«ጋሼ፣» አለች ጭምቷ ቀና ብላ፣ «እባክዎ ለጊዜው ይቆዩ። ለመምህርቷ እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«ብቻሽን?» አለ ቀለም ቀቢው።

«ካልመጣች ብቻዬን።»

የመምህሩ ልጅ አፍንጫዋን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች። ጭምቷን ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻት።

«እንግዲህ ከነገ ጀምሮ» አለች፣ «እንደ አባቴ ቀይ እስክሪብቶ ይዘሽ ስህተት ማረም ነዋ።»