ያልደረሰው እንሰት

«የኛ አልደረሰም» አለች እናቷ በሩ ላይ ቆማ።

ሐዳሳ የሒሳብ ደብተሯን ጭኗ ላይ እንደዘረጋች ቀና አለች። «አልደረሰም» የተባለው እንሰት በመስኮቱ በኩል ቁልጭ ብሎ ይታያታል። ግንዱን ብቻዋን አቅፋ አትጨርሰውም፤ ከመሀሉም አበባው ብቅ ብሏል። እናቷ ውሸት አይሆንላትም፤ ስትዋሽ ድምጿ ይቀጥናል። አሁንም ቀጥኗል።

«እሺ ሂሩት፣ አንቺ ካልሽ» አለች ጎረቤታቸው እትዬ ትርፊት። «ግን ሰው እያወራ ነው። የሁላችንን አስቆርጣ የራሷን ጠበቀች ይላሉ። ነገ ስብሰባው ላይ ሌላ ሊቀመንበር ይመረጥ የሚሉም አሉ።»

«ከፈለጉ ይምረጡ» አለች እናቷ።

ከየጓሮው አንድ አንድ የደረሰ እንሰት ለሴቶቹ ማኅበር ይለገስ የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው ሂሩት ራሷ ነበረች። ሴቶቹ የተለገሰውን በጋራ ይፍቃሉ፤ ቆጮውንና ቡላውን ሸጠው የመፋቂያ ማሽን ይገዛሉ፤ ከዚያ ባል ያለውም የሌለውም ቤት የራሱ ገቢ ይኖረዋል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሆና ስትመረጥ፣ በሰፈሩ ለእንዲህ ያለ ቦታ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ስለነበረች፣ ሐዳሳ እጇ እስኪቀላ አጨብጭባ ነበር።

ከጭብጨባው በኋላ ግን ቤቱ ጭር አለ። እናቷ ዛሬ ስብሰባ፣ ነገ ሾኔ ገበያ ናት። ሐዳሳ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሚጠብቃት ክዳን የተደፋበት ምሳ ብቻ ነው። ብቻዋን መብላት ትጠላለች። ስለዚህ ሳህኗን ይዛ ጓሮ ትወጣና እንሰቱ ሥር ትቀመጣለች። ሰው አይደለም፣ አይመልስላትም፤ ቢሆንም ከግድግዳ ይሻላል።

እንሰቱን የተከለው አባቷ ነው። ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ሰሞን፣ እሷ ሁለተኛ ክፍል ሳለች፣ «ይሄ ሲደርስ እመጣለሁ» ብሏት ነበር። መጀመሪያ በየእሁዱ በኢሞ እየደወለ «የት ደረሰ?» ይላል፤ እሷም ስልኩን ይዛ ጓሮ ትሮጥና ታሳየዋለች። ቆይቶ በወር አንዴ ሆነ። ከፋሲካ ወዲህ ጨርሶ ጠፋ። ከደቡብ አፍሪካ የሚመጡ ሰዎች ደህና ነው፣ እዚያ የከፈተው ሱቅም ደህና ነው ይላሉ። እሷን የሚያናድዳትም ይኸው ደህና መሆኑ ነው።

ልገሳው የተጀመረ ሰሞን እናቷ ገጀራ ይዛ ጓሮ ስትወጣ ሐዳሳ መንገዱን ዘግታ አልቅሳባት ነበር። «ሁሉንም ነገርሽን ለነሱ ሰጥተሻል፤ እሱን እንኳ ተዪልኝ!» ጓሮው ውስጥ ሌላ የደረሰ እንደሌለ ታውቃለች። እናቷ ያን ቀን ገጀራውን ቦታው መለሰች።

እትዬ ትርፊት ስትሄድ እናቷ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ምሳ በላሽ?»

«በላሁ።»

«ነገ ልቀቂ ካሉኝ እለቃለሁ። ከዚያ በኋላ ቤት ነኝ። አብረን እንበላለን።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ደስ አይልሽም?»

ሐዳሳ ስትመኘው የከረመችው ይህንኑ ነበር። እንሰቱም ይቀራል፣ እናቷም ትመጣላታለች። ዝም ካለች ሁሉንም ታገኛለች። ታዲያ ለምን ደስ እንዳላላት አልገባትም።

በማግስቱ ቅዳሜ ጓደኛዋ ሃቢባ በራሷ አባት ሱቅ ደጃፍ ሆና ጠራቻት። «ስሚ፣ እናትሽን ሊያወርዷት ነው አሉ።»

«አልደረሰም ብላቸዋለች እኮ።»

«ኧረ ሼም ነው ባክሽ! ከመንገድ ላይ ይታያል እኮ። ሰው ሁሉ እያየው ነው።»

ሐዳሳ ዘወር ብላ አየች። እውነትም፣ ከአጥራቸው በላይ ትልቁ ቅጠል ይታያል፤ አበባውም ጭምር። እናቷ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አልነበረም። እያወቀች፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ለእሷ ብላ ዋሽታለች። እናቷም ምሳዋን በሾኔ መንገድ ላይ ብቻዋን እንደምትበላ እስከዛሬ አስባው አታውቅም ነበር።

ወደ ጓሮ ሄደች። አበባ ያወጣ እንሰት ሳይቆረጥ ከቆየ ውስጡ እየተመጠጠ ያልቅና ሳይበላ ይሞታል፤ ይህን የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችው። ለአባቷ ላከችና ሥሩ «ደርሷል» ብላ ጻፈች። ጠበቀች። ከወዲያ በኩል የተጻፈ ነገር አልመጣም። ግንዱ ላይ ተደግፋ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ስልኩን ኪሷ ከተተችና ገጀራውን ከቦታው አነሳች።

ስብሰባው እትዬ ትርፊት ግቢ ነበር። ሴቶቹ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፤ እናቷ ጥግ ላይ ለብቻዋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለውን ቦታ የያዘው የለም። ሐዳሳ ገጀራ ይዛ ስትገባ ወሬው ቆመ።

«እትዬ ትርፊት፣» አለች። ድምጿ እንደ እናቷ ድምፅ ቀጠነባት። «የኛ እንሰት ትናንት አልደረሰም ነበር። ዛሬ ደርሷል።»

መጀመሪያ የሳቀችው እትዬ ትርፊት ናት፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም። «በአንድ ሌሊት!» አለች እትዬ ትርፊት ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች። «ተነሱ እንጂ፣ ሳያረጅብን!»

እናቷ አልሳቀችም። ዓይኗን ከሐዳሳ ሳትነቅል አግዳሚው ላይ ጠጋ አለችላት።