ሁለት ፊደል የጎደለው ገጽ

ሠዓሊው የሞተው እንደተቀመጠ ነው። ግንባሩን በሥዕል ጠረጴዛው ጠርዝ አስደግፎ ቀኝ እጁን ወደ ፊት ዘርግቷል። ከንፈሩ ባይጠቁር ኖሮ ሥራ አድክሞት ሸለብ ያደረገው ሰው ይመስል ነበር።

ሻለቃው ከበሩ ሳያልፍ ሰዓቱን አየ። «አስም ነው። ሐኪሙም ያንኑ ብሏል። እስከ ስድስት ሰዓት መዝገቡን ዝጋልኝ፣ ስምንተኛ።»

ስምንተኛ የሃምሳ አለቃው ስም አይደለም። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ስላቋረጠ መሥሪያ ቤቱ የለጠፈበት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ተሸክሞታል። እጃቸውን ይዞ ሥራ ያስተማራቸው ልጆች ዲግሪ እየያዙ መጥተው አለቃ ሆነውበታል። ይህ ሻለቃም አንዱ ነው። አሻራ ማንሣት የተማረው ከሱ ነው፤ ዛሬ ግን ስምንተኛ የሚለውን እንጂ የሃምሳ አለቃው እናት ያወጣችለትን ስም አያስታውስም።

«ይዘጋል፣ ጌታዬ። አንዴ ክፍሉን ልየው ብቻ።»

«ምኑን ታየዋለህ? የልጆች ሥዕል ነው።»

«ሥዕል ማንበብ አያቅተኝም።»

ሻለቃው ሳቀና ደረጃውን ወረደ።

ክፍሉ ፎቅ ላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ አንድ መስኮት፣ አንድ ወንበር፣ አንገቷ የሚታጠፍ የጠረጴዛ መብራት። ዙሪያውን ሲባጎ ተወጥሮ አርባ ስድስት ገጽ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅሏል። ሟቹ በሥዕል የሚተረኩ የልጆች መጻሕፍት የሚሠራ ሰው ነበር። ስምንተኛ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ፤ አልቸኮለም።

እናት የሞተችባቸው ሦስት ልጆች ናቸው። ታላቂቱ አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ወንዱ ስምንት፣ ትንሿ አራት። አንድ ሥዕል ላይ ታላቂቱ ዳቦ ለሁለት ገምሳ ለትንንሾቹ ትሰጥና ለራሷ ቀበቶዋን ታጠብቃለች። ስምንተኛ እዚያ ላይ ቆየ። የቀበቶን ነገር እሱም ያውቃል።

አርባ ሰባተኛው ገጽ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ በር ነው። ታላቂቱ ፊቷን አዙራ ትሄዳለች፤ ትንሿ የጨርቅ አሻንጉሊት አቅፋ ከበሩ ውስጥ ቆማለች። ከታላቂቱ አፍ በሚወጣው ክብ፣ ሠዓሊዎቹ ፊኛ በሚሉት ውስጥ፣ አንዲት ቃል አለች፦ ጠብቂኝ። ቃሏ ወደ ቀኝ ተጠግታለች፤ አጠገቡ ተቀምጦ የነበረ ጓደኛው ተነሥቶ የሄደበት ሰው ትመስላለች።

የመብራቷ አንገት ላይ የጫማ ማሰሪያ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ባዶ ነው። በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት የተገኘው ግን ከበሩ ኋላ በተሰቀለው ኮት ኪስ ውስጥ ነው። መድኃኒቱ ላይ የአውራ ጣት የምታህል ነጭ ምልክት ደርቃለች። የሟቹ ጣቶች በጥቁር ቀለም ተለውሰዋል፤ ነጭ ግን የለባቸውም። ከተዘረጋው እጁ ሥር ባለች ብጣሽ ወረቀት ላይ በሚንቀጠቀጥ እርሳስ «48» ተብሎ ተጽፏል።

ሃምሳ አለቃው ወደ ታች ወረደ።

የሟቹ እህት ጓዳ ውስጥ ልብስ ታጥፋለች። አብረው የሚኖሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እጇ እስከ አንጓዋ ቀልቷል።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እትዬ። እጅዎ ምነው?»

«ሳሙናው በልቶኝ ነው። ልብስ አሰጥቼ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ብጠራው ብጠራው ዝም አለኝ።»

«ማን መጥቶ ነበር?»

«ፊደል ጻፊው በሁለት ሰዓት መጥቶ ሄደ። ቀጥሎ አሳታሚው መጣ። ሲጮህበት ሰምቻለሁ። አንተዬ፣ ልብ ያለው ሰው በታመመ ሰው ላይ ይጮሃል?»

«ሥራውን ያሳይዎት ነበር?»

«የልጅ መጽሐፍ ምን ሊያደርግልኝ? እኔ ወደ ላይ የምወጣው ለመጥረግ ነው።»

«መድኃኒቱንስ የት ነበር የሚያኖረው?»

«ኮቱ ኪስ ውስጥ ነዋ» አለች፤ የታጠፈውን ፎጣ ፈትታ እንደገና አጠፈችው።

ፊደል ጻፊው ቀጭን፣ ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ፊኛዎቹ ውስጥ ያለውን ንግግር በእጁ የሚጽፈው እሱ ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጦ በክንዱ ዓይኑን ይጠርጋል፤ የወረቀት ማኅደሩን ጉልበቱ ላይ አኑሯል።

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል» አለው ስምንተኛ።

«አሥራ አንድ መጽሐፍ ጻፍኩለት፤ ስሜ አንዱም ላይ የለም። አዎ፣ ነግሬዋለሁ። በዚህኛው ላይ ይወጣል አለኝ።» «ድምፄ ነበር የሚለኝ። 'ድምፄ መጣ' ይላል፣ ደረጃው ላይ ኮቴዬን ሲሰማ።»

«መድኃኒቱ የት ነበር የሚቀመጠው?»

«መብራቱ አንገት ላይ። ወረቀት ውስጥ እየገባ ሲያስቸግረው በራሴ ጫማ ማሰሪያ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋትም ነበረ።»

አሳታሚው ሽቶው ቀድሞት ገባ። ባሕር ማዶ የተማረ ነው፤ ይህንንም ሳይጠየቅ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ተናገረ።

«መጨረሻውን አስተካክል ነው ያልኩት። ልጅ እያስለቀሱ መጽሐፍ አይዘጋም። እንቢ አለ፣ ጮህኩ፣ ሄድኩ። በቃ።»

«ይቺ 48 ምን ትሆን?»

«ዕድሜው ነዋ። ሰው ነፍሱ ስትወጣ ዕድሜውን ያስባል። የሥነ ልቦና መጽሐፍ ብታነብ ታገኘው ነበር።»

«እስቲ እቺን ያንብቡልኝ» አለና ስምንተኛ ገጹን አሳየው። «እኔ እንደሚያውቁት ብዙ አልተማርኩም።»

አሳታሚው በትዕግሥት ፈገግ አለ። «ጠ-ብ-ቂ-ኝ።» ፈገግታው ቆመ። «ቀይሮታል! አሁን ጠዋት እኮ አት ነበረው፤ አትጠብቂኝ ነበር የሚለው። ለካ ምክሬን ሰምቶኛል።»

ስምንተኛ አመሰገነው። ከዚያ ፊደል ጻፊውን ስለ መጽሐፉ አንዲት ነገር ጠየቀና መልሱን ሲሰማ ደረጃው ላይ አጠገቡ ቁጭ አለ። ለመነሣት ጊዜ ወሰደበት።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሁሉም ፎቅ ላይ ተሰበሰቡ። አስከሬኑ ተነሥቷል። ሻለቃው መስኮቱን ተደግፎ፣ አሳታሚው ስልኩን እያየ፣ ፊደል ጻፊው ማኅደሩን አቅፎ ቆመዋል። አንዲቷን ወንበር ለእህቲቱ ሰጧት።

«ባጭሩ» አለ ሻለቃው።

«ባጭሩ፣ ጌታዬ፣ ሰውዬውን የገደለው አስም ነው። መድኃኒቱን የነሣው ግን ሰው ነው። ጠዋት ክንዱ በሚደርስበት መብራት ላይ ታስሮ ነበር። በሦስት ሰዓት ተኩል ኮት ኪስ ውስጥ ተገኘ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው መድኃኒቱን ፈትቶ፣ ክፍሉን አቋርጦ፣ ኪስ ከቶ፣ ተመልሶ ተቀምጦ አይሞትም።»

«ግምት ነው» አለ አሳታሚው ከስልኩ ቀና ሳይል።

«ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ ላይ ነጭ የጣት ምልክት አለ። የፊደል ማጥፊያ ቀለም ነው። የሟቹ እጅ ላይ ነጭ የለም። ስለዚህ መድኃኒቱን የደበቀው፣ በነጭ ቀለም አንድ ነገር ያጠፋው ሰው ነው። ምን አጠፋ? እዚህ ክፍል ውስጥ ዛሬ የጠፋው ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ታላቂቱ ልጅ ትንሿን ማሳደጊያ በር ላይ ጥላ ስትሄድ የተናገረችው አትጠብቂኝ የሚል ነበር። አት ተቀባ፤ ጠብቂኝ ቀረ።»

ወደ ፊደል ጻፊው ዞረ። «አንተ ብትሆን እንዴት ትተወዋለህ?»

«እኔ? ቃሏን ሙሉውን አጥፍቼ መሀል አስይዤ ነዋ የምጽፋት። እንዲህ ተንጋድዳ ትቼማ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ስለዚህ እሱ አይደለም። አሳታሚያችንም አይደሉም። ያጠፋው ሰው የሚፈልገው ፊደሎቹ እንደነበሩ እንዳይታወቅ ነው። እሳቸው ግን 'አት ነበረው' ብለው በደስታ የነገሩኝ እኔ ሳልጠይቃቸው ነው። ይህን ለማወቅ የሥነ ልቦና መጽሐፍ አላስፈለገኝም።»

አሳታሚው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ስምንተኛ ከእህቲቱ ፊት ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ እርስዎ መጽሐፉን አላየሁትም ብለውኛል። ልንገርዎት። ያቺ ትልቋ ልጅ ጨካኝ ናት። የአራት ዓመት ሕፃን በር ላይ አቁማ አትጠብቂኝ ብላት ነው የሄደችው።»

«ጠብቂኝ ነው ያልኳት።»

እሷ ራሷ ድምፁ ከየት እንደመጣ የምትፈልግ ይመስል ወደ ጎን አየች።

«ያልኳት» አለ ስምንተኛ ቀስ ብሎ። «ያለቻት አላሉም።»

የቀላውን እጇን ጣት በጣት ታሸው ጀመር። ማጥፊያ ቀለም በሳሙና አይለቅም፤ በአውራ ጣቷ ጥፍር ሥር ቀጭን ነጭ መስመር ቀርታለች።

«ልጠርግ ወጣሁና አየሁት» አለች። «እናታችን ስትሞት ሦስታችንን ማኖር አልቻልኩም። ትንሿን ወሰድኳት። ጠብቂኝ ብያት ነው የሄድኩት፤ አርባ ዓመት እንደዚያ ነው የማውቀው። እሱ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ ኋላዬ ቆሞ ነበር። ከየት አምጥቶ ነው እንዲህ ብሎ የሚጽፍብኝ? አጥፋው አልኩት። 'እታለም፣ ያልሽውን ነው የጻፍኩት' አለኝ። ሳቅ ብሎ። ያን ጊዜ አስሙ አፈነው። መድኃኒቱን ፈታሁና ያዝኩ። መጀመሪያ አጥፋው አልኩት። እጅህን ወደ ቀለሙ ስደድና እሰጥሃለሁ አልኩ። እሱ ራሱን ይነቀንቃል። እርሳስ አንሥቶ ወረቀት ላይ ይጭራል። እልህ መሰለኝ። እሺ እስኪለኝ የምጠብቅ መሰለኝ እንጂ... ትንሽ ነው የቆየሁት። በጣም ትንሽ።»

«ከዚያ አጠፉት።»

«ለልጅ የሚነበብ ነገር ነው። ማንም እንደዚያ ብሎ እንዲያነበኝ አልፈለግኩም።»

ሻለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። ስምንተኛ እጁን አንሥቶ አስቆመው፤ በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አለቃውን በእጁ አስቆመ፣ ሻለቃውም ቆመ።

«አንድ ነገር ይቀራል። ሟቹ 48 ብሎ የጻፈው ዕድሜውን አይደለም። ፊደል ጻፊውን መጽሐፉ ስንት ገጽ ነው ብዬ ጠየቅኩት። አርባ ስምንት አለኝ። እዚህ ያለው አርባ ሰባት ነው።»

«የመጨረሻው እኔ ጋ ነው» አለ ፊደል ጻፊው። «ጠዋት የሰጠኝ ገና ፊደል ያልገባበትን ነው። ለማንም እንዳታሳይ፣ መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት ብሎኛል።»

ከማኅደሩ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ያው የማሳደጊያ በር ነው፤ አሁን ከውስጥ በኩል ይታያል። ብዙ ልጆች የበሩን ብረት ይዘው ወደ መንገድ ያያሉ። አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ አሻንጉሊቷን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ በአንድ እግሯ ትዘላለች። አፏ በሳቅ ተከፍቷል። ከሥር ሠዓሊው በእርሳስ የጻፈው አለ።

«አንብብልኝ» አለች እህቲቱ። «ዓይኔ አያይም አሁን።»

ስምንተኛ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቀረበው። የሰው የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ይከብደዋል፤ በጣቱ እየተከተለ፣ አንዳንዱን ፊደል ሁለቴ እየጠራ አነበበ። የሳቀበት የለም።

«የማሳደጊያውን አሮጊት ሞግዚት አገኘኋት። ሌሎቹ ቀኑን ሙሉ በር በሩን ሲያዩ ይውሉ ነበር አለችኝ። ያንቺዋ ግን ኩፍኝ እስከወሰዳት ቀን ድረስ ትጫወት ነበር። ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ፣ እህቴ አትጠብቂኝ ብላኛለች ትላለች። እታለም፣ ጠብቃ ጠብቃ የሞተች እየመሰለሽ አርባ ዓመት አልተኛሽም። አልጠበቀችሽም። እንዳትጠብቅ አድርገሽ ነው የሄድሽው።»

እህቲቱ አላለቀሰችም። ተነሥታ ወደ አርባ ሰባተኛው ገጽ ሄደች፤ የቀላውን እጇን ፊኛውን ሳትነካ ከላዩ ዘረጋች።

«መልስለት» አለችው ፊደል ጻፊውን። «አንተ ነህ ድምፁ። አት በልለት።»

ፊደል ጻፊው ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ ክዳኑን ከፈተ። ቦታው ልክ ለሁለት ፊደል ይበቃ ነበር። ወደ ስምንተኛ አየ።

«ማስረጃ ነው፣ እትዬ» አለ ሃምሳ አለቃው። «አይነካም።»

ፊደል ጻፊው ብዕሩን ከደነ። ስምንተኛ ሁለቱን ገጾች አንድ ላይ አድርጎ ጠቀለላቸው፤ ከዚያ ከመብራቱ አንገት ላይ የጫማ ማሰሪያውን ፈታና በሱ አሰራቸው።