የቀይ ጋሻው ጩኸት

ዋቅጋሪ የተገኘው ግንባሩን ኪቦርዱ ላይ ደፍቶ ነው። ማጅራቱን የመታው ስታብላይዘር እግሩ ስር ወድቋል። መደርደሪያው ላይ ያሉት ሞባይሎች አልተነኩም፣ የመሳቢያው ብርም እንዳለ ነው። ከፊቱ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ እስካሁን በርቷል።

ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን የዋቅጋሪን ኮምፒውተር ጥገና ቤት አምቦ ውስጥ የማያውቅ የለም። ኢንስፔክተር አሰፋሽ ስትደርስ ግማሹ ሰፈር በር ላይ ተኮልኩሏል። የሟች ሚስት ካሰች የሠራተኛውን የሌታን ሸሚዝ ጨምድዳ ይዛለች። ልጁ እጁ ላይ ካቴና ገብቶለታል።

«እሱ ነው! ትናንት ሲጣሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ! ወንድሞቼ ከእንጭኒ እየመጡ ነው፤ ደሙን እነሱ ይመልሱታል!»

«ይምጡ» አለች አሰፋሽ፣ የካሰችን ጣቶች አንድ በአንድ ከሸሚዙ እያላቀቀች። «ዱላቸውን ግን ውጪ ያስቀምጣሉ። ደሙ ማን እጅ ላይ እንዳለ ሳናውቅ ከማን ይመልሱታል?»

ሬሳው ወደ ሆስፒታል ሲሄድ እሷ ስክሪኑ ፊት ቆመች። ጥቁር ነው። አይኮኖቹ ያለልክ ትላልቅ ናቸው፣ አራቱም ጥግ ላይ ጽሑፍ አለ። መሃል ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት ውስጥ አረንጓዴ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ ትሳባለች።

«ሌታ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ሴፍ ሞድ ነው አዴ። ማሽኑ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ሲነሳ ማለት ነው። የውሸት አንቲቫይረስ የገባበትን የምናጸዳው በዚህ ነው።»

«አንቲቫይረስ ደግሞ የውሸት አለው?»

«አለው እንጂ! ቀይ ጋሻ ያወጣና 'ሦስት መቶ ቫይረስ አለብህ፣ ክፈል' ብሎ ይጮሃል። የሚከፍቱትን ፕሮግራም ሁሉ ይዘጋል። ቫይረሱ ግን ራሱ ነው። ሴፍ ሞድ ላይ ሳይነሳ ስለሚቀር ከነሥሩ ይነቀላል። ኢንተርኔት የለ፣ ድምፅ የለ፣ ሁሉም ጸጥ ነው።»

«ትናንት በምን ተጣላችሁ?»

ሌታ መሬት መሬት አየ። «ቀዩን ጋሻ የሚጭነው ጋሼ ዋቅጋሪ ራሱ ነበር። ሰው ማሽኑን ጸድቶለት ይወስዳል፣ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። 'ተው' አልኩት። ዛሬ ጠዋትም ደግመን ተጨቃጨቅንና ጥዬው ወጣሁ። ሁሉቃ ወንዝ ዳር ተቀምጬ ዋልኩ።»

«ማን አየህ?»

«ማንም። ውሃው።»

«ውሃ ፍርድ ቤት አይቆምም፣ ልጄ። ይሄን ጉድ ለደንበኞች ነግረሃል?»

«ላዘንኩለት ሰው ሁሉ።»

የጎረቤቱ ፎቶኮፒ ቤት ባለቤት ድንቅቱ የጥገና ቤቱ በር ላይ እጇን አጣጥፋ ነው የጠበቀቻት።

«አልገደልኩትም፤ ግን ደግሞ አላለቅስም» አለች። «በመመረቂያ ሰሞን ማሽኔን በዛ ጋሻ ያሰረብኝ እሱ ነው። የተማሪ እርግማን እስካሁን አልለቀቀኝም።»

«ዛሬ አይተሽዋል?»

«ሌታ በሩን በኃይል ዘግቶ ከወጣ በኋላ ወረቀት ልበደር ገብቼ ነበር። ደህና ነው። ስክሪኑ እንደዚሁ ጥቁር። 'ሞተ እንዴ?' ስለው 'አስተኝቼው ነው፤ ሳይተኛ በሽታው አይወጣለትም' አለኝ። የኦቦ ሂርጳ ኮምፒውተር ነው። ሰማያዊ ዳንቴሉን አውቀዋለሁ፣ አጥፎ ሞኒተሩ አናት ላይ አድርጎታል።»

አሰፋሽ ዞር ብላ ሞኒተሩን አየች። አናቱ ባዶ ነው።

«ከዛስ?»

«ከዛ ምሳ ሰዓት ላይ ኦቦ ሂርጳን በሩ ላይ አገኘኋቸው። 'ተዘግቷል፣ ውስጥ እየተጣሉ ነው' አሉኝና ሄዱ። የጓሮ በር ስላለ ሌታ በዛ ተመልሶ ይሆናል አልኩ።»

ኦቦ ሂርጳ ግማሹን አምቦ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው፤ አሰፋሽንም ጭምር። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው መጡ።

«አካም ጂርታ አሰፋሽ። ፖሊስ ሆነሽ ቀረሽ?»

«ሒሳብ እምቢ ሲለኝ ምን ላድርግ፣ ቲቸር። በሩ ላይ ምን ሰሙ?»

«ኮምፒውተሬን ልወስድ ነበር የመጣሁት። ውስጥ ያ ቀይ ጋሻ እሪ ይላል። በጩኸቱ መሃል ሌታና ዋቅጋሪ ይሰዳደባሉ። የሰው ጠብ ምን አገባኝ ብዬ ተመለስኩ።»

«የጋሻው ጩኸት መሆኑን እርግጠኛ ነዎት?»

«እንዴት አላውቀው! ቤቴ ውስጥ ስንቴ ጮኾብኛል!»

ሌታ ወደ ሽማግሌው ተጠጋ። «ኦቦ! ማሎ፣ እባክዎ፣ በፈጠረዎት! እኔ አልነበርኩም!»

ሽማግሌው ዞር ብለው አላዩትም። የካሰች ወንድሞች ደርሰዋል፤ ዱላቸው በሩን ሲጎስም ይሰማል። «ምስክር ተገኘ! ስጡን!» ይላሉ።

አሰፋሽ ካሰችን፣ ድንቅቱን፣ ሌታንና ኦቦ ሂርጳን ጠባቧ ቤት ውስጥ ሰበሰበችና በሩን ቆለፈች። የሌታን ካቴና ፈታች።

«ማሽኑን ሳታጠፋ አንድ ዘፈን ክፈትልኝ።»

«ባሌ ሬሳው ሳይቀበር?» ካሰች ጮኸች።

«ለባልሽ ነው። ክፈት።»

ሌታ ፍላሹን ሰክቶ ከፈተ። ስፒከሩን እስከ መጨረሻው አዞረው። ዝም። እንደገና ሞከረ። ዝም።

«ይሄ ማሽን ዲዳ ነው» አለች አሰፋሽ። «ድንቅቱ ስትገባ ሴፍ ሞድ ላይ ነበር። ይቺን አረንጓዴ መስመር ተመልከቱ፤ ሥሯ ያለው ሰዓት እንደሚለው ከጠዋት ጀምራ ሳትቋረጥ ትቆጥራለች። መሃል ላይ ጠፍቶ ቢሆን ከዜሮ ትጀምር ነበር። መደርደሪያው ላይ ያሉት ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ደግሞ ተፈታተው ሆዳቸው የወጣ ናቸው። እና ቲቸር፣ እሪ ያለው የትኛው ነው?»

«ጆሮዬ... ሸምግያለሁ እኮ።»

«ጆሮዎማ ደህና ነው። ከመጨረሻው ዴስክ ስንሾካሾክ ሰምተው ያስወጡን የለ? ቤትዎ ሁሌ ስለሚጮህ እዚህም የሚጮህ መስሎዎት ነው። ጩኸቱ ውሸት ከሆነ ጠቡም ውሸት ነው።» ወደ ሞኒተሩ ጠቆመች። «እርግጥ ውሸታም ሁሉ ገዳይ አይደለም። ግን ዳንቴሉ የት ገባ? ሌባ ሞባይል ትቶ ዳንቴል አይወስድም። ለሌታስ ምን ያደርግለታል? ያ ዳንቴል በገደለው ሰው ቤት እንዳያድር የሚፈልግ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባለቤቱ። ኪስዎን ያሳዩኝ።»

ኦቦ ሂርጳ የኮታቸውን ቁልፍ ፈቱ። ሰማያዊውን ዳንቴል ራሳቸው አወጡት።

«ጃለኔ ናት የሠራችው» አሉ። «ልጄ። ሳትሞት በፊት ኮምፒውተር ልታስተምረኝ ራሷን በቪዲዮ ቀርጻ አስቀመጠችልኝ። 'አባ፣ ማውሱን ቀስ አድርገህ። አባ፣ ቀይ ነገር ከመጣ እንዳትነካው፣ እኔን ጥራኝ።' ቀዩ መጣ። ማንን ልጥራ? እዚህ አመጣሁት። 'ፎርማት አድርጌልሃለሁ' አለኝ። ሳይጠይቀኝ! ድምፅዋን ጠራርጎ፣ ቀዩን መልሶ ጭኖ ሰጠኝ፤ ዳግመኛ አመጣሁት። ሥራው የሱ መሆኑን ሌታ ሲነግረኝ... ልጄን ሁለቴ ነው የቀበርኳት፣ አሰፋሽ። የሁለተኛውን ቀባሪ አገኘሁት። ደሟን መለስኩ። አይጸጽተኝም!»

«ሌታስ ምን አደረገዎት?»

«እዚህ ቤት እንጀራ የበላ ሁሉ እጁ አለበት።»

ሌታ የእጁን አንጓ እያሸ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

«ኦቦ፣ ዛሬ ጠዋት የተጣላነው በእርስዎ ነው። የጠፋው የሟች ልጅዎ ድምፅ መሆኑን ነገርኩት። 'ውጣልኝ!' አለኝ። አልሰማኝም ብዬ ነበር የወጣሁት። ይሄ የሚቆጥረው... በፎርማት የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ነው። እርስዎ ሲገቡ የጃለኔን እየመለሰልዎት ነበር።»

መስመሯ ጥግ ደረሰችና ቆመች። ሌታ አሰፋሽን አየ፤ በእሺታ ጭንቅላቷን ነቀነቀችለት። ከተመለሱት አንዱን ከፈተ።

አንዲት ልጅ ወደ ካሜራው ጠጋ ብላ ሳቀች። ጣቷን ቀስራ ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች።

«ድምፁን!» ኦቦ ሂርጳ ጠረጴዛው ላይ ተደፉ። «ሌታ፣ የኔ ልጅ፣ ድምፁን ጨምረው! ማሎ!»

«አይችልም ቲቸር» አለች አሰፋሽ ካቴናውን እያነሳች። «ድምፅ እንዲኖረው ጠፍቶ መነሳት አለበት። ማስረጃ ነው፤ ፍርድ ቤት ሳያየው አይጠፋም።»

«ይበልህ!» አለች ካሰች በጥርሷ መሃል።

ስክሪኑ ላይ ጃለኔ አሁንም ታወራለች። ሽማግሌው ሁለቱን እጃቸውን ለካቴናው ወደ ኋላ ሰጥተው፣ ጆሯቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉ።