ደም ያልነካው ወንበር

የጥገናው ሹም የተገኘው እድሳቱ ሊያልቅ ጥቂት በቀረው ፉርጎ ውስጥ፣ በአዲሶቹ ወንበሮች መካከል በግንባሩ ተደፍቶ ነው። የራስ ቅሉ በብረት መፍቻ ተፈርክሷል። ደሙ ጣሪያው ላይ ሳይቀር ተፈናጥቋል።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ጎንበስ ብላ ስታስተውል ቆየች። ብሔራዊው የባቡር ድርጅት አሮጌ ባቡሮቹን ማደስ ከጀመረ ወዲህ ሹሙ ያልተጣላው ሰው የለም ብለዋታል። ያን ዕለት ከምሳ በፊት አብረውት የነበሩት ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ የባቡሩ ሾፌርና የሟቹ ሚስት ወንድም የሆነው ወንበር ገጣሚ።

«እገድልሃለሁ ብለኸዋል፤ ሰው ሰምቷል» አለችው ሾፌሩን።

«ብያለሁ! ፍሬኑ አልይዝ እያለ ሰው ጫን ሲለኝ ምን ልበለው? አነቀኝ፤ ገፍትሬው ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ዓይኑን አላየሁም።»

ወንበር ገጣሚው ረጋ ብሎ መለሰ። «ሬሳው አጠገብ ያለውን ወንበር ጠዋት እሱ ቆሞ እያየኝ ነው ያሰርኩት። ተቀምጦም ሞክሮታል። ከዚያ ምሳ ሄድኩ።»

የሟቹ ሚስት ሻርፗን እስከ አገጯ ጠቅልላ መጣች። መርማሪዋ በልዞ ያበጠ ጉንጯን አየች። ሦስቱንም ፉርጎው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መስኮቱም ወለሉም ደም ነው። ይሄን ወንበር ግን ጠብታ አልነካውም። ፍታው እስቲ።»

ገጣሚው ብሎኖቹን ፈታ። ወንበሩ ሲነሳ ከኋላው ያለው ግድግዳ ደም ተረጭቶበት ታየ።

«ሰውየው ሲመታ ወንበሩ እዚህ አልነበረም» አለች። «ሾፌሩ ቢሆን ገድሎ ይሮጣል እንጂ ወንበር አይገጥምም። አንተ ግን ሥራህን ቀድመህ ጨርሰህ የሄድክ እንዲመስል አሰርከው። ጠዋት ታስሮ ከነበረ፣ ደሙ ከኋላው በየት ገባ?»

ገጣሚው ወለሉ ላይ ዘጭ አለ።

«እህቴን ተዋት፣ በፈጠረህ አልኩት። ሳቀብኝ። ‹እንደዚህ ፉርጎ ቀጥቅጬ አድሳታለሁ› አለኝ። መፍቻው እጄ ላይ ነበር።»

እህቱ ተንደርድራ ደረቱን በቡጢ ትደበድበው ጀመር።

«ማን ግደልልኝ አለህ? ማን? ዛሬ ልጆቼን ይዤ ወዳንተ ልመጣ ነበር እኮ! ልብሳቸውን ሁሉ ሸክፌያለሁ! አሁን ማን ቤት ልግባ?»

ወንድሟ እጁን እንኳ አላነሳም። መርማሪዋ ካቴናውን አወጣች፤ ሴትዮዋ ደክሟት እላዩ ላይ እስክትወድቅ ግን አላሰረችውም።