ተገኘ ብዬ የጠራሁበት አሸዋ

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን መጀመሪያ ያዝልኝ። ጎንደር እያለን ሰው ሁሉ ጥላ ነው፣ ዛር ነው ሲል የምስቅ እኔ ነበርኩ፣ እዚህ እስራኤል ከመጣን ወዲህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቤኤር ቱቪያ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻዋ መኪና ላይ ተቀምጬ ዕቃ የሚጫንበትን የእንጨት ፓሌት ሳነሳና ሳወርድ ነው የምውለው፣ መንፈስ የሚባል ነገር ቢኖር እንኳ ለእኔ ጊዜ አይኖረውም እል ነበር። ስለዚህ የምነግርህን እንደ ተረት አትስማው፣ ወዳጄ።

የብረት መፈለጊያ ማሽን አለኝ። ሌላው ሰው ዓሣ ያጠምዳል፣ እኔ ከሥራ ስወጣ ሰው በሽርሽር ላይ የጣለውን ቁልፍና ቀለበት ፈልጌ ለባለቤቱ እመልሳለሁ። ማሽኑ ላይ ዲስክሪሚኔሽን የሚሉት ማስተካከያ አለ፣ ይህን ስማ፣ ያንን አትስማ ብለህ የምታዝበት ነው፣ ብረቱን ትዘጋና ወርቅና ብር ሲያገኝ ብቻ ይጮህልሃል። ለሥራ ባልደረባዬ ለሞላ ይህን ሳስረዳው ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ «ያላ፣ አፍላያውን ለማሽኑም አስተማሩት በለኛ!» አለኝ፣ አፍላያ እዚህ አገር መድልዎ ማለት ነው፣ እኛ ደግሞ የዕብራይስጡን ፊደል ሳንቆጥር ነው ይህን ቃል ያወቅነው።

አባቴ ቂርያት ማላኪ ከእኛው ጋር ነው የሚኖሩት። ነገር መርሳት ከጀመሩ ወዲህ ብቻቸውን ቤት አልተዋቸውም፣ ማሽኔን ይዤ ስወጣ አብረን እንሄዳለን፣ ታጣፊ ወንበር ዘርግቼ አስቀምጣቸውና እኔ እፈልጋለሁ። አንድ ነገር ባገኘሁ ቁጥር ከሩቅ «ተገኘ!» ብዬ እጮሃለሁ፣ እሳቸውም ቀና ብለው «የታለ?» ይሉኛል። ለእኔ የሚጓጉልኝ እየመሰለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ያለዚያ የኋላው አይገባህም። የአባቴ ታናሽ ወንድም ስሙ ተገኘ ነበር። ጎንደር ሆነን የጉዞ ፈቃድ ስንጠብቅ የእኛ መጣ፣ የእሱ ግን ዛሬ ነገ ሲባል እኛ ሳንነሳ እዚያው አረፈ። አያቴ ብረት ቀጥቃጭ ስለነበሩ ለሁለቱም ልጆቻቸው ወረንጦ ሠርተው ሰጥተዋቸው ነበር፣ እሾህ የሚነቀልበትን መቼም ታውቀዋለህ፣ በክር አድርገው አንገታቸው ላይ ያስሩታል። የአጎቴ ወረንጦ አንዱ እግሩ አጭር ነው፣ ከበሬ ሰኮና እሾህ ሲያወጣ የሰበረው ነው። አንገቱ ላይ እንዳለ ነው የቀበርነው፣ እኔም ቆሜ አይቻለሁ።

ባለፈው ክረምት አንዲት የገደራ ሙሽራ ከያቭነ ከተማ ጀርባ ያለው አሸዋ ላይ የጋብቻ ቀለበቷ ጠፍቶባት እያለቀሰች ደወለችልኝ። ከሥራ ስወጣ አባቴን ይዤ ሄድኩ። ቦታው ላግ ባኦሜር በሚሉት የእሳት በዓል ልጆች ፓሌት የሚያነዱበት ነው፣ እንጨቱ ይነድና ምስማሩ አሸዋው ውስጥ ይቀራል፣ ስለዚህ ብረቱን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁትና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ገባሁ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል አንድ ሳንቲም አገኘሁ፣ እንደ ልማዴ «ተገኘ!» ብዬ ዞር አልኩ፣ «የታለ?» የሚለኝ የለም። ወንበሩ ባዶ ነው።

ከአሸዋው ማዶ ለአዲስ ፎቅ የቆፈሩት ጉድጓድ ነበር፣ ጥልቅ ነው፣ አጥሩም በአንድ በኩል ወድቋል፣ ስንመጣ አይቼዋለሁ። «አባ! አባ!» እያልኩ ሮጥኩ፣ ለባለቤቴ ለእስቴር ደውዬ «አባ ጠፉብኝ፣ ፖሊስ ጥሪ» አልኳት፣ ዱካቸውን እንዳልከተል አሸዋው ላይ የመኪና ጎማና የሰው ኮቴ ተደበላልቆበታል፣ እየጨለመም ነው። ጉድጓዱ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ ጠፋኝ፣ እግዚአብሔር ያሳይህ፣ የሚሸሹት ነገር የት እንዳለ አለማወቅ!

ያን ጊዜ ነው ድምፁን የሰማሁት። ማዳመጫው አንገቴ ላይ ነው፣ ማሽኑ እጄ ላይ ተንጠልጥሏል፣ መሬት አይነካም፣ ግን ይጮሃል። አሮጌ ብረት አንዳንዴ ማሽኑን ያታልላል፣ እሱን አውቀዋለሁ፣ ሲያታልል ግን እየተቆራረጠ ነው፣ ይህ ጥርት ያለ ነበር፣ ንጹሕ ብር ስታገኝ እንደሚሰማው። የኤሌክትሪክ መስመር ይሆናል ብዬ ወደ ያቭነ መብራት ዞርኩ፣ ዝም አለ። ወደ ጨለማው ስዞር ጮኸ። እንደገና ዞርኩ፣ ዝም። እመነኝ፣ ሌላ ምን ምርጫ አለኝ፣ ወደሚጮህበት ሄድኩ።

ድምፁ እየበረታ እየበረታ መጥቶ አንድ ቦታ ላይ ጭራሽ አላባራ አለ። በስልኬ መብራት ዝቅ ብዬ ሳይ አሸዋው ላይ ወረንጦ ተቀምጧል፣ ክሩም አብሮት አለ። የአባቴ ነው፣ ወድቆባቸው ነው ብዬ አነሳሁትና ቀና ስል አባቴን አየኋቸው፣ ጥቂት እርምጃ ብቻ ወዲያ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ እግራቸው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ነው። ከኋላ አቅፌ ወደ እኔ ጎተትኳቸውና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እስቴር ስትደውል «ተገኙ! ተገኙ!» አልኳት።

አባቴ ዞር ብለው አዩኝ። «ተገኘ በላት እንጂ፣ ለእሱ ደግሞ አንቱታ ምን ያደርግለታል፣ ታናሼ አይደል?» አሉኝ።

«ማን ነው፣ አባ?»

«ስትጠራው ከርመህ ማን ነው ትለኛለህ? አሁን ፈቃዱ ወጥቶለት መጣ። ልጅህ እስኪመጣ ከዚህ እንዳታልፍ ብሎ እሱ ነው ያስቀመጠኝ።»

«ይሁን፣ ወረንጦዎ ወድቆ ነበር፣ ይያዙ» ብዬ ሰጠኋቸው።

እጃቸውን ወደ ሸሚዛቸው ውስጥ አስገብተው የራሳቸውን አወጡ። ከዚያ የሰጠኋቸውን በመብራቱ አዩት፣ እኔም አየሁት። አንዱ እግሩ አጭር ነው።

ቤት ገብተን ብረቱን እንደዘጋሁት ሁለቱንም በማሽኑ ሞከርኳቸው፣ አንዱም አልጮኸም፣ መጮህም አልነበረባቸውም፣ ብረት ናቸው። አባቴ ሁለቱን አንድ ክር ላይ አስረው አንገታቸው ላይ አደረጉ። ለገደራዋ ሙሽራ «ቤሰደር፣ እሺ፣ እመለሳለሁ» እያልኩ እስካሁን አልተመለስኩም፣ እፈራለሁ፣ አልዋሽህም። አባቴ ደግሞ ማታ ማታ ያችን ታጣፊ ወንበር አልጋቸው አጠገብ መዘርጋት ጀመሩ፣ ማንም አይቀመጥባትም።

በዚህ ሳምንት አንገታቸው ላይ አንዱ ወረንጦ ብቻ ቀረ። አጭሩ የለም። «የት ጣሉት?» ብላቸው «የራሱን ምን ጣሉት ትለኛለህ፣ ወሰደው» አሉ። ማሽኑን አወጣሁ፣ ብረቱን ከፈትኩለትና ቤቱን በሙሉ አሰስኩት፣ ምስማር አገኘሁ፣ የጠፋ ቁልፍ አገኘሁ፣ ወረንጦው የለም። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም፣ ብረቱን መልሼ ዘጋሁትና ማሽኑን እንደያዝኩ ወንበሯ አጠገብ ቆምኩ። ዝም ብሏል።

እስቴር ከማድ ቤት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ተገኘ?» አለችኝ።

ማሽኑ ጮኸ፣ አንዴ ብቻ፣ ጥርት ብሎ። እጄን አላንቀሳቀስኩም። አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ፣ «በይ፣ ሥራ ካለሽ ንገሪው» አሏት፣ «አቤት ብሎሻል።»